ከማህደር የወጣው ድልድይ

የኬላው ዘበኛ ጋዜጣውን ከደረት ኪሱ አወጣ። አራት ቦታ ታጥፎ ስለነበር ቀስ ብሎ ዘረጋጋውና የመኪናው መስኮት ላይ ለጠፈው።

«ማንበብ ትችያለሽ አይደል?»

ዘጋቢዋ ማንበብ ትችላለች። የጻፈችውም እሷው ናት። «ታላቁ ድልድይ ፈረሰ» ይላል ርእሱ። ከሥሩ ወገቡ ላይ የተቆረጠ ድልድይ ፎቶ አለ፤ ከፎቶው ሥር ደግሞ የእሷ ስም።

«ድልድዩ አልፈረሰም» አለችው።

«ጋዜጣው ይዋሻል ነው የምትዪኝ?»

«ተሳስቷል።»

«አንቺ ማነሽና ነው ጋዜጣ የምታርሚው?»

ከኋላ የተቀመጠው ፎቶ አንሺ ሳቁን በሳል አሳበበ። የሥራ ባልደረቦቹ «አንዴ» ይሉታል፤ በፊልም ዘመን ስላደገ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ አያነሣም። ስድሳ ሊሞላው ምንም አልቀረው፤ አንድ ዐይኑ ደግሞ ገና በቅርቡ ከቀዶ ሕክምና ወጥቷል።

መንገዱ የተዘጋው አንድ ጫፉ ላይ ድንጋይ በተንጠለጠለበት የብረት ቧንቧ ነው። ከቧንቧው ወዲህ ሸራ የለበሱ ሰባት የጭነት መኪናዎች ተሰልፈው ቆመዋል። የጫኑት የወባ መድኃኒትና ዱቄት ነው፤ የታዘዘውም ከድልድዩ ማዶ ላሉት መንደሮች ነው። ሾፌሮቹ ከመኪናው ሥር ጥላ ይዘው ካርታ ይጫወታሉ። እስከ ሐሙስ ማታ ድረስ መንገዱ ካልተከፈተ ጭነቱን ወደ ሌላ አካባቢ እንዲወስዱ ትእዛዝ ደርሷቸዋል። ቀኑ ሰኞ ነው፤ እኩለ ቀን አልፏል።

«በእግራችን እንሂድ?» አለች ዘጋቢዋ።

«በእግራችሁ ከሆነ እናንተው ታውቃላችሁ» አለ ዘበኛው፣ ጋዜጣውን መልሶ አራት ቦታ እያጠፈ። «እኔ የታዘዝኩት መኪና እንዳላሳልፍ ነው። ቅዳሜ ዕለት አንዲት አሮጊት ከማዶ መጥተው ቆሞ አየሁት ሲሉኝ ነበር። ያልተማሩ ሰው ናቸው፤ ምን ይደረግ።»

የተከራዩት መኪና ከዚያው ተመለሰ።

ስሕተቱ እንዴት እንደተሠራ አሁኑኑ ቢነገር ይሻላል፤ ነገሩ ውስብስብ አይደለም። ዝግጅት ክፍሉ ፎቅ ላይ ያለ አንድ ጠባብ ክፍል ነው። ዐሥራ አንድ ዘጋቢ፣ አራት ኮምፒውተር፤ ከአራቱ አንዱ ሲሞቅ ይጠፋል። አንዲት መኪና አለች፤ የምታገለግለው ማስታወቂያ የሚያስነግሩ ደንበኞችን ለማመላለስ ነው። ዘጋቢዋ ለመስክ መኪና ስትጠይቅ የሚሰጣት መልስ «ደውዪላቸው» ነው። ስለዚህ ትደውላለች። ዝናቡ በበረታበት ሰሞን ከማዶ ያለው ጤና ጣቢያ ነርስ ደወለችላት። «ውኃው የድልድዩን ሆድ ነክቷል፤ ሰው ይምጣና ይየው» አለች፤ ወዲያው መስመሩ ተቋረጠ፤ ከዚያ በኋላም አልተመለሰም። ዘጋቢዋ ያንኑ ጻፈች፤ ዐሥር መስመር። ገጽ ሠሪው ፎቶ አስፈለገው፤ «ድልድይ» የሚል ማህደር ከፍቶ ዐይን የሚይዘውን መረጠ፤ «ከማህደር» ብሎ መጻፉን ረሳ። ርእስ የሚያወጣው አርታዒ ፎቶውን አየና «ይሄማ አልቆለታል» ብሎ ርእሱን ሰጠው። እስከዚህ ድረስ እሷ ቤቷ ተኝታ ነበር።

ጠዋት የመንገዶች መሥሪያ ቤት ጋዜጣውን አነበበና መንገዱን ዘጋ። ረፋድ ላይ ዘጋቢዋ ደውላ ድልድዩ እውነት ፈርሷል ወይ አለቻቸው። «አዎ፣ መረጃው ደርሶናል» አሏት። እሷም ቁጭ ብላ «መሥሪያ ቤቱ የድልድዩን መፍረስ አረጋገጠ» ብላ ጻፈች። ከየት ደረሳችሁ ብላ አልጠየቀችም። ሬዲዮው ከጋዜጣው ወስዶ አነበበ፤ በሦስተኛው ቀን ጋዜጣው ሬዲዮውን ጠቅሶ ጻፈ። ወሬው ሰፈሩን ዞሮ ዞሮ ቤቱ ገባ፤ አንድም ሰው ግን ድልድዩን አላየም።

አንዴ ከሕመም ፈቃዱ ሲመለስ የተጠራቀመውን ጋዜጣ ሲያገላብጥ ቆየና ጣቱን ፎቶው ላይ አሳረፈ። «ይሄ የኔ ፎቶ ነው» አለ። «ድልድዩ ግን ሌላ ነው። ካነሣሁት ዐሥራ አንድ ዓመት ሆነው።» ዘጋቢዋ ጋዜጣውን ይዛ ተነሣች።

ዋና አዘጋጁ ቢሮ ገባች። «ማስረጃ አምጪ፣ ማረሚያ እናወጣለን» አላት።

«ያለማስረጃ አይደል እንዴ ያወጣነው?»

«ለዚህ እኮ ነው አሁን የሚያስፈልገን።»

የመንገዶች መሥሪያ ቤትም የተሻለ አልነበረም፤ «በመረጃ ዘጋን፣ በመረጃ እንከፍታለን» አላት። ሦስት ቀን ፈቃድ ተሰጣት፤ ቦት ጫማ ግን አልተሰጣትም። የወንድሟን ተዋሰች። ሁለት ቁጥር ስለሚሰፋት ጫፉን በጋዜጣ ጠቅጥቃ ሞላችው። እናቷ በር ላይ ሸኘቻት። እናቷ ልጇ የጻፈችውን ሁሉ ቆርጣ ወፍራም ደብተር ላይ ትለጥፋለች፤ «ታላቁ ድልድይ ፈረሰ»ንም ለጥፋዋለች፤ ለጎረቤትም አሳይታለች። ዘጋቢዋ ሐሰት መሆኑን አልነገረቻትም።

ከኬላው አጠገብ ባለችው ትንሽ ከተማ ያለው ፖስታ ቤት አንድ ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የሸራ ከረጢት ጠግቦ ተወጥሯል። ከሥሩ ጠና ያለ ሰውዬ ተቀምጦ ጫማውን ይጠርጋል። በየሳምንቱ ድልድዩን በእግሩ ተሻግሮ ደብዳቤ የሚያደርስ ፖስተኛ ነው፤ ይህን ሲያደርግ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

«እኔንም ያስቆማችሁኝ እናንተ ናችሁ» አለ፣ ቀና ሳይል። «አለቃዬ ጋዜጣውን አሳየኝና ቁጭ በል አለኝ። ይኸው ቁጭ ብያለሁ።»

«ተሳስተናል ጋሼ» አለች ዘጋቢዋ።

ፖስተኛው ብሩሹን አስቀመጠ። ተነሥቶ ከረጢቱን ከሚስማሩ አወረደ፤ ማንገቻውን ትከሻው ላይ አስተካከለ። «ይቺን ከአንዳችሁ አፍ መስማት ነበር የፈለግሁት። በመኪናው መንገድ በእግር አራት ቀን ነው። በኔ መንገድ ረቡዕ ማታ ትደርሳላችሁ፤ እግራችሁ ግን ይማርራችኋል።»

እውነቱን ነበር። መንገዱ የፍየል ነው፤ ያውም የደፋር ፍየል። ከከተማው ጀርባ ባለው ገደል ተንጠላጥለው ወጡ፤ ሥር እየያዙ፣ ድንጋይ እየረገጡ፣ አንዱ ለሌላው እጁን እየሰጠ። ገላጣው ሸንተረር ላይ ሲደርሱ ሰማዩ ጠቆረ። ነፋሱ መጣ፤ ተከትሎት በረዶ ወረደ፤ እንቁላል የሚያህል ባይሆንም ከሽምብራ በጣም ይበልጣል። ዛፍ የለም፣ ዋሻ የለም።

«ቁጢጥ በሉ!» ጮኸ ፖስተኛው። ከረጢቱን በሦስቱም ራስ ላይ ደፋው። ደብዳቤዎቹ በረዶውን ተቀበሉላቸው። ጀርባቸው ግን አልዳነም።

«ጋሽ አንዴ፣ ካሜራው?»

«ሆዴ ውስጥ ነው።»

«ዐይንህስ?»

«እሱም አለ መሰለኝ። ዝም በይ አሁን።»

በረዶው ሲያባራ ሸንተረሩ ነጭ ሆኗል፤ ሦስቱም ይንዘፈዘፋሉ። ዘጋቢዋ ስልኳን ከኪሷ አውጥታ ብታራግፈው ውኃ ጠብ ጠብ አለ። ስልኩ ዳግመኛ አልበራም። በስድስት ዓመት ሥራዋ ያለስልክ ስትዘግብ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ማክሰኞን ሙሉ ሲወርዱ ዋሉ። ጉልበት የሚፈተነው ሽቅብ ሲወጡ የሚመስለው ወርዶ የማያውቅ ሰው ነው። ረቡዕ ጠዋት ቀርከሃው ውስጥ ገቡ። ቀርከሃው ሰማይ ይጋርዳል፤ ከሦስት እርምጃ በላይ አያሳይም። ፖስተኛው ከፊት ሆኖ ባዶ ቆርቆሮ በዱላ ይቀጠቅጣል።

«ለማን ነው የምትደልቀው?» አለ አንዴ።

«ለጎሽ። እንግዳ መምጣቱን ካወቀ ራሱ ገለል ይላል። ድንገት ስትደርስበት ነው ክፉ።»

ይህን ተናግሮ ሳይጨርስ ቀርከሃው ተንኮሻኮሸ። ቀጥሎ ጥቁር ግንባር ብቅ አለ፤ ከግንባሩ ግራና ቀኝ ቀንድ። ጎሹ ስለቆርቆሮው የሰማው ነገር ያለ አይመስልም።

«ዛፍ!» ጮኸ ፖስተኛው።

ዘጋቢዋ እንዴት እንደወጣች አታውቀውም። ራሷን ያገኘችው የሾላ ቅርንጫፍ ላይ ነው፤ አንድ ጫማዋ መሬት ቀርቷል። ጎሹ ጫማውን ረግጦ አለፈ፤ የተጠቀጠቀው ጋዜጣ ብን ብን አለ። አንዴ በአዲሱ ዐይኑ ጎሹን ያየው ዘግይቶ ነው። ሲዞር እግሩ ተጠለፈና ወደቀ፤ ቁርጭምጭሚቱ ቀጭ ሲል ከዛፉ ላይ ተሰማ። ተንከባሎ በወደቀ ግንድ ሥር ተወሸቀ። ጎሹ ዞረ፤ ግንዱን አየ፤ በእግሩ መሬት ጫረ።

ፖስተኛው በሃያ ሁለት ዓመት ከረጢቱን ከትከሻው ጥሎ አያውቅም። አሁን አወረደው፤ በማንገቻው ቅርንጫፍ ላይ አንጠለጠለውና ከዛፉ ጀርባ ሆኖ አወዛወዘው። «ና! ና አንተ ድንጋይ ራስ! ወዲህ ና!»

ጎሹ መጣ። ከረጢቱን በቀንዱ ወጋው፣ አነሣው፣ አራገፈው፤ ፖስታ እንደ ላባ ተበተነ። ዞር ብሎ ደግሞ ወጋው። ከዚያ ሰለቸው መሰል አንድ ጊዜ አናፍቶ ቀርከሃውን እየሰባበረ ሄደ። ጫካው ጸጥ አለ።

ደብዳቤዎቹን ሲለቅሙ አንድ ሰዓት ፈጀባቸው። ፖስተኛው አንድ በአንድ ቆጥሮ ከተታቸው። «ከሁለት መቶ ዐሥሩ ሠላሳ አንዱ ተበስተዋል» አለ። «ለያንዳንዱ ይቅርታ እጠይቃለሁ።» አንዴ ቁርጭምጭሚቱን በሻሽ ጠፍሮ ቀርከሃ እየተመረኮዘ ተነሣ። ዘጋቢዋ የተረገጠ ጫማዋን አጠለቀች።

«ተመለስ ጋሽ አንዴ» አለችው። «በዚህ እግር አትችልም።»

«ፎቶው የኔ ነው» አለ። «እኔው ነኝ የማስተካክለው።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ገደሉ ጫፍ ላይ ደረሱና ወደታች አዩ። ወንዙ ደፍርሶ ይወርዳል። ከላዩ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ በሦስት ምሰሶ ላይ ድልድዩ ቆሟል። አንዲት ጠጠር አልጎደለችበትም። ዘጋቢዋ ዐፈር ላይ ዝርፍጥ አለች። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ኀፍረቷ ብሶባት ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

በዚህኛው ጫፍ ድልድዩ በእሾህ ታጥሯል። ከበታቹ፣ በትክክል ከሥሩ፣ ከበርሜልና ከሳንቃ የተሠራ ታንኳ ታስሯል፤ ጎኑ አምስት ጎረምሶች ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ባለ ግራር ላይ ጋዜጣው በሚስማር ተመትቷል። ጎረምሶቹ ሲያዩአቸው ተነሡ፤ ፊታቸውን አጨፈገጉ። መሐላቸው ያለው ባለታንኳው ነው፤ ሸምገል ያለ፣ እጁ በገመድ የሻከረ።

«ድልድዩ ይወድቃል» አለ። «ሰው አይወጣበትም። የሚሻገር በኔ ይሻገር።»

«ቆሟል እኮ» አለች ዘጋቢዋ።

«አንብቢ» አለና ወደ ግራሩ ጠቆመ።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ባለታንኳው አያት። «እሰይ! አንቺን ነበር የማመሰግነው። ድልድዩ ከተሠራ ወዲህ ሥራ ያገኘሁት ባንቺ ነው።» ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። «ልታስቀሪብኝ መጥተሽ ከሆነ ግን ካሜራውን ስጡኝና ተመለሱ።»

ጎረምሶቹ ቀረብ አሉ። አንደኛው የካሜራውን ማንገቻ ያዘ። አንዴ በአንድ እግሩ ቆሞ ካሜራውን በሁለት እጁ ጨበጠ፤ ሊለቅ አይደለም።

ፖስተኛው በመሐል ገባ፤ ከረጢቱን ከፍቶ ሲፈልግ ቆየና አንድ ፖስታ አወጣ። መሐሉ ላይ የአውራ ጣት መግቢያ የሚያህል ቀዳዳ አለው። «ከልጅህ ነው» አለና ለባለታንኳው ሰጠው። «ጎሽ ወግቶታል፤ ይቅርታ። ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው ግድግዳዬ ላይ ከተሰቀለ።»

«ለምን አላመጣህልኝም?»

«ድልድዩ ፈርሷል ተባለ።»

ባለታንኳው ፖስታውን አገላበጠ። ልጁ ሩቅ አገር ትማራለች፤ ከሁለት ወር ወዲህ ድምጿን አልሰማም ነበር። በቀዳዳው በኩል ወንዙን ያየ መሰለ። «ልቀቀው» አለው ማንገቻውን ለያዘው ጎረምሳ። «በእግር የፈለገ ይሂድ። መኪና ግን አያልፍበትም፤ እሱን እኔ ነኝ የምነግራችሁ።»

ዘጋቢዋ ከመሻገሯ በፊት ዳር ወርዳ ምሰሶዎቹን አየች። በመሐለኛው ሥር ውኃው አፈሩን በልቶ ጎድጓዳ አድርጎታል። ይህን በማስታወሻዋ ጻፈች። ከዚያ የእሾሁን አጥር ታክካ ወጣች፤ ተሻገረች፤ ተመልሳ መጣች፤ እንደገና ተሻገረች። የተነቃነቀ ነገር የለም። አንዴ እግሩ አልታዘዝ ስላለው ከፖስተኛው ጋር ወዲህ ቀረ፤ ብርሃኑ ስለደከመ ፎቶውን ለጠዋት አቆየው።

ጤና ጣቢያው ከድልድዩ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። በሩ ላይ ያገኘቻት የደወለችላት ነርስ ናት። ዐይኗ በእንቅልፍ ማጣት ገብቷል። ከኋላዋ ባለው ክፍል በያንዳንዱ አልጋ ሁለት ሁለት ሕፃን ተኝቷል፤ ግራና ቀኝ፣ ራስና እግር። የመድኃኒቱ መደርደሪያ ተወልውሎ ባዶ ነው።

«እሑድ አለቀ» አለች ነርሷ። «ያኔ ምን ነበር ያልኩሽ?»

«ሰው ይምጣና ይየው።»

«እና?»

«መጣሁ» አለች ዘጋቢዋ። «ዘግይቼ ነው።»

ነርሷ አንዱን ሕፃን ልታገላብጥ ሄደች። ዘጋቢዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፈችውን ነገር በዐይኗ አየች፤ ከዚያ ክፍል መውጣት አቃታት።

ከጤና ጣቢያው ጎን ግንድ የጫነ መኪና ቆሟል፤ መንገዱ ሲዘጋ ከማዶ የቀረ ነው። ሾፌሩ ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ የመኪናውን መስታወት ሲወለውል አገኘችው። ሌላ ሥራ ስለሌለው በየቀኑ ይወለውለዋል።

«ድልድዩ መኪና ይችላል?» አላት።

«አላውቅም።»

«ጋዜጠኛ አይደለሽ እንዴ? አንድ ነገር በይ እንጂ።»

«ያየሁትን ልንገርህ። ድልድዩ ቆሟል። በመሐለኛው ምሰሶ ሥር አፈሩን ውኃ በልቶታል። ሦስት ጊዜ በእግሬ ሄጄበታለሁ፤ አልነቃነቀም። መኪና ይችል አይችል አላውቅም።»

ሾፌሩ ጨርቁን ጨመቀ። «ሬዲዮው ፈርሷል ይላል። ባለታንኳው ይፈርሳል ይላል። አንዱ ደግሞ ምንም አይሆንም ይለኛል። አላውቅም ያለኝ አንቺ ብቻ ነሽ።» ጥቂት አሰበና ጨርቁን ጣለ። «ግማሹን ግንድ እናራግፍ። አብረሽኝ ትወጫለሽ?»

ፍርሃቷን አልደበቀችም። ግማሹ ግንድ ሲራገፍ ግን በሩን ከፍታ ወጣች።

ድልድዩ ጫፍ ሲደርሱ ከወዲያኛው ዳር አንዴን አዩት። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ካሜራውን ዐይኑ ላይ አድርጓል። «ከወደቀ አነሣዋለሁ» ብሏት ነበር ማታ ሲለያዩ። «ያኔ ቢያንስ ፎቶው የትክክለኛው ድልድይ ይሆናል።»

መኪናው ገባ። ጎማው ሲሚንቶው ላይ እየተንከባለለ ተንቀራፈፈ። የመጀመሪያውን ምሰሶ አለፈ። መሐለኛው ላይ ሲደርስ ከሥር አንድ ነገር ጓ አለ፤ ዘጋቢዋ የመቀመጫውን ጠርዝ ጨበጠች።

«አትቁም!» አለች።

«አልቆምም። ግን እዪ!»

ከፊታቸው፣ በወዲያኛው ጫፍ፣ የእሾሁ አጥር ብቻ አልነበረም። ሌሊቱን ጎረምሶቹ ድንጋይ ቆልለውበታል። መኪናው ወደኋላ ቢል መሐለኛው ምሰሶ ላይ ሊመለስ ነው፤ ቢቆም የባሰ። ሾፌሩ ጥሩንባውን ለቀቀው። ገደሉ አስተጋባ።

አንዴ ካሜራውን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠ። በአንድ እግሩ እያነከሰ ሮጠና እሾሁን በባዶ እጁ ይጎትት ገባ። ፖስተኛው ድንጋይ እያነሣ ይወረውራል። ጎረምሶቹ ቆመው ያያሉ። መኪናው ሃያ እርምጃ ቀርቶታል።

ባለታንኳው ወንዙ ዳር ሆኖ መጀመሪያ መኪናውን አየ፤ ቀጥሎ ምሰሶውን፤ ቀጥሎ ከሥሩ የታሰረውን ታንኳውን። ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«እናንተ ጅሎች!» ብሎ ጮኸ። «ከወደቀ እኮ የሚወድቀው ታንኳዬ ላይ ነው! አንሡ! አንሡት!»

ያን ጊዜ ሁሉም ተረባረቡ። የመጨረሻውን ድንጋይ ያንከባለለው ባለታንኳው ራሱ ነው። መኪናው የቀረውን እሾህ ጨፍልቆ መሬት ረገጠ። ድልድዩ ባለበት ቆመ።

ዘጋቢዋ ዘላ ወረደች። «ጋሽ አንዴ! አነሣኸው?»

አንዴ መዳፉን እያየ እሾህ ይነቅላል። ደሙ ወደ ክርኑ ይወርዳል። «እጄ ሥራ ላይ ነበር» አለ። «ካሜራውም በግርግሩ ወንዝ ገባ።» ለመሳቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። አንድን ነገር ሁለት ጊዜ አያነሣም፤ ይህንን አንድ ጊዜም አላነሣው። ዘጋቢዋ አቀፈችው።

ፖስተኛው መኪና ላይ አልወጣም። ከረጢቱን አንግቶ ድልድዩን በእግሩ ተሻገረ፤ የሚያደርሰው ደብዳቤ ነበረው።

ሐሙስ ዐሥር ሰዓት ላይ ሰባቱ የጭነት መኪናዎች ሞተራቸውን አስነሥተው አፍንጫቸውን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዙረዋል። ዘበኛው ከበስተጀርባው፣ መኪና ሊመጣበት ከማይችለው በኩል፣ ጥሩንባ ሰማ። ዞሮ አየ። ግንድ የጫነ መኪና ከብረት ቧንቧው ውስጠኛው ጎን ቆሟል።

«ከየት መጣችሁ?»

«ከማዶ» አለ ሾፌሩ።

«ማዶ ድልድዩ ፈርሷል።»

«እንግዲህ መኪናውን ጠይቀው።»

ዘበኛው መኪናውን ዞረው። የጎማውን ጭቃ በጣቱ ነካ። ግንዱን አየ፤ ይህን የመሰለ ግንድ ከማዶ ካልሆነ አይመጣም። ጋዜጣውን ከደረት ኪሱ አወጣ፤ አነበበው፤ ዘጋቢዋን አየ። ከዚያ ሄዶ የተንጠለጠለውን ድንጋይ ወደታች ሳበ፤ ቧንቧው ወደላይ ተነሣ።

የጭነቱ ኃላፊ ደብዳቤ ካላየሁ አልንቀሳቀስም ብሎ ነበር። ዘጋቢዋ ስለመሐለኛው ምሰሶ ያየችውን አንድ በአንድ ነገረችው፤ በግማሽ ጭነት፣ አንድ በአንድ ቢሻገሩ የሚል ሐሳብ የሰጠው የግንዱ ሾፌር ነው። ኃላፊው ወደ መንገዶች መሥሪያ ቤት ደወለ። «መረጃ ደርሶኛል» ሲል ተሰማ። ከወዲያ በኩል «ከየት?» ሳይሉት አልቀሩም፤ «ፊቴ ቆሟል» አለ። ፀሐይ ሳትገባ ሰባቱም መኪናዎች አፍንጫቸውን መለሱ።

ዘጋቢዋ ከፖስታ ቤቱ ስልክ ወደ ዝግጅት ክፍሉ ደወለች።

«ማን አረጋገጠ?» አላት ዋና አዘጋጁ።

«እኔ።»

«ሌላ ምንጭስ?»

«አንድ መኪና።»

ማረሚያውን በቃሏ አስጻፈችው። ውስጡ ስሟ ነበር፤ ከየት ደረሳችሁ ብላ አለመጠየቋም ነበር፤ ባዶው መደርደሪያም፣ ሁለት ሁለት ሆነው የተኙት ሕፃናትም ነበሩ። ዋና አዘጋጁ መሐል ላይ አቋረጣት። «ይሄ እኮ ራስሽን ነው የሚከስሽ።»

«እሱም ያየሁት ነው። ጻፍልኝ።»

ገጽ ሠሪው ስልኩን ተቀበለው። «ፎቶ አለሽ?»

«የለም።»

«ግድ የለም፣ አታስቢ» አለ በደስታ። «የቆመ ድልድይ ከማህደር አወጣለሁ።»

ዘጋቢዋ አንዴን አየችው። አንዴ በፋሻ የታሰረ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ዐይኑን ጨፈነ።

«የቱን ድልድይ?» አለች።



ቅዳሜ ጋዜጣው ወጣ። ፊት ገጽ ላይ፣ ፎቶ የሚገባበት ቦታ ባዶ ነጭ አራት ማዕዘን ሆኖ ቀርቷል፤ ከሥሩ አንድ መስመር አለ፦ «የዚህ ድልድይ ፎቶ የለንም፤ ድልድዩን ግን ሄደን አይተነዋል።» ሰኞ ለዘጋቢዋ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት። የዝግጅት ክፍሉ መኪና ዛሬም የማስታወቂያ ደንበኞችን ታመላልሳለች። ዘጋቢዋ ግን ስልክ ስታነሣ መጀመሪያ የምትጠይቀው «አንተ ራስህ አይተኸዋል?» ብላ ነው፤ አላየሁም ካላት ጫማዋን ታጠብቃለች።

እናቷ ያንን ገጽ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው፤ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ልጇን ቀና ብላ አየቻት። መቀሷን አመጣችና ከነባዶው ቦታ ዙሪያውን ቆረጠችው፤ ደብተሩን ገልጣም ከፈረሰው ድልድይ ጎን ለጠፈችው።